የሙዚቃ አዳማጮች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

«ክበባችሁ ግን ምንድነው የሚሠራው?» የሚለው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ተከትሎኛል። የስፖርት ክበብ ዋንጫ ያመጣል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ ይተክላል፣ ችግኙ ባይጸድቅ እንኳ ፎቶው ይቀራል። ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ጠዋት ግቢውን ያነቃል። እኛ ቁጭ ብለን እንሰማለን። ለመጽሔቱ ፎቶ ስጡ ስንባል የላክነው ጠረጴዛ ላይ የተደገፉ ልጆችን የሚያሳይ ነው። አዘጋጆቹ «ተኝተው ነው እንዴ?» ብለው መለሱልን። አልተኙም። እየሰሙ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬማ «የፊዚክስ መምህር ላብራቶሪ ዘግቶ ዘፈን ያስከፍታል» እያለ ሻይ ቤት ሲያሾፍብኝ ነው የከረመው። ይሹፍ። ድምፅ ፊዚክስ ካልሆነ ምን ፊዚክስ እንደሆነ አንድ ቀን ይነግረኛል።

የተለመደውን በአጭሩ ልጨርስ። ምዝገባ በጥቅምት ተካሄደ። ዕቅድ አወጣን፣ ጸደቀ። ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጡ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በፊዚክስ ላብራቶሪ እንገናኛለን፤ በሚድ ሳምንትና ከማጠቃለያ ፈተና በፊት አንገናኝም። የሩብ ዓመት ሪፖርት በጊዜው ገብቷል። ማየት ለሚፈልግ፣ ቢሮ ውስጥ ይገኛል።

አሠራራችን ቀላል ነው። ስለ ሙዚቃው ምንም ሳልናገር አንድ ጊዜ እናዳምጣለን። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ወረቀት ላይ የተሰማውን ይጽፋል። ስም አይጻፍም። ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ እኔ አውጥቼ አነባለሁ፣ ክርክሩ ይጀመራል። «ያምራል» እና «ይደብራል» ብቻ ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ለምን እንደሚያምር፣ የቱ ጋ እንደሚደብር መነገር አለበት።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የራሳችንን ሰማን። ጅማ ተወልዶ ባሕር ማዶ የተማረውን ሙላቱ አስታጥቄን ሁሉም በስም ያውቀዋል፤ የሚጫወተው ቪብራፎን (በመምቻ የሚመቱ ብረቶች የተደረደሩበት) ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ ግን አንድም ልጅ አያውቅም ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ደግሞ በስም የሚያውቅ እንኳ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም እንዳረፉ ስነግራቸው «ፒያኖ የሚጫወቱ መነኩሲት?» ብለው ሳቁ። ሰምተው ሲጨርሱ አልሳቁም። ስለዚህ መንፈቅ ዓመት ብዙ ማለት ይቻላል፣ ዘንድሮ ግን ሌላ የምነግራችሁ ነገር አለኝ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ክበቡን ለሁለት የከፈለ አልበም መጣ።

አመጣጡ በፍላሽ ነው። ከዚሁ ግቢ ተመርቆ ዩኒቨርሲቲ የገባ የቀድሞ አባላችን ለዕረፍት ሲመጣ «ቲቸር፣ ይሄን ልጆቹ ላይ ሞክረው» ብሎ ሰጠኝ። ፍላሹ ላይ ያለው የኤስብዮርን ስቬንሶን ትሪዮ፣ ባጭሩ ኢ.ኤስ.ቲ. የሚባለው የስዊድን ቡድን ሥራ ነበር። ሦስት ሰዎች ናቸው። ስቬንሶን ፒያኖ፣ ዳን በርግሉንድ ደብል ቤዝ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ ክር መሣሪያ)፣ ማግኑስ ኦስትሮም ድራም። በፈረንጆቹ 1993 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ከዚያ በኋላ ጃዝን እንደ ሮክ ባንድ በጭስና በመብራት መድረክ ላይ አወጡት። አንዱን አልበማቸውን መጀመሪያ ጠፈር በወጣው ሰው በጋጋሪን ስም ነው የሰየሙት፤ እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህሩ ደስ እንዳለው አልደብቅም።

እኛ የሰማነው «ሊውኮሳይት» የሚባለውን ነው። በፈረንጆቹ 2007 መጀመሪያ ለኮንሰርት አውስትራሊያ በሄዱበት ጊዜ ሲድኒ ውስጥ ስቱዲዮ 301 ገቡ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ኖታ ሳይጽፉ፣ እንደመጣላቸው እየተጫወቱ ቀረጹት። ሰኔ 7 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እኛ ሚሌኒየሙን እያከበርን ባለንበት ዓመት፣ ስቬንሶን ስቶክሆልም አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ በደረሰበት አደጋ ሞተ። ዕድሜው 44 ነበር። አልበሙ ገበያ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2008 ነው።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ዝም ብዬ ከፈትኩት።

የመክፈቻው ሙዚቃ አጭር ናት፣ ፒያኖው ለስለስ ብሎ ይገባል። ሁሉም ተመቻቹ። ቀጥሎ የሚመጣው ግን 17 ደቂቃ ገደማ ነው። ቤዙ አንድ ነገር ይዞ አይለቅም፣ ድራሙ ይገፋል፣ ድምፁ እየሻከረ ይሄዳል፣ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚወጣ መፋቅና ማፏጨት ይገባበታል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው ልጅ ቦርሳውን አነሳ። ሰብሳቢያችን በዓይኗ አስቀመጠችው።

ወደ መጨረሻ ገደማ በአልበሙ ስም የተጠራ ባለ አራት ክፍል ሥራ አለ። የመጀመሪያው ክፍል እየጮኸ፣ እየተንጫጫ ይሄድና ያቆማል። ሁለተኛው ክፍል አንድ ደቂቃ ነው። በዚያ አንድ ደቂቃ ውስጥ ምንም የለም። ጸጥታ ነው የቀረጹት።

የሐዋሳ ልጆች ድምፅ ድንገት ሲጠፋ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። ከኋላ አንዱ «መብራት ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተነስቶ ማብሪያ ማጥፊያውን ሞከረ፤ አምፖሉ በራ። አንዷ ስፒከሩን መታ መታ አደረገችው። ጸሐፊያችን ስልኬን ነጥቆ «ቲቸር፣ እየቆጠረ ነው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» አለ። ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፉ። የሚሄደውን ቁጥር እያዩ፣ ምንም እየሰሙ ሳይሆን፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ሦስተኛው ክፍል ሲገባ የሁሉም ትከሻ አብሮ ዘለለ። እኔ አልበሙን ብቻዬን ቤቴ ስሰማ ያቺን ደቂቃ አልፌያት ነበር የሄድኩት፤ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። እንዴት እንደምትሰማ ያሳዩኝ እነሱ ናቸው።

የዚያን ቀን ካርቶን ውስጥ የገቡትን ጥቂቶቹን እንዳሉ ልጻፍላችሁ፦

«የሆቴል ጀነሬተር ይመስላል። ጀነሬተር ግን ቢያንስ መብራት ይሰጣል።»

«ሦስቱም የተጣሉ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ታርቀዋል፣ ግን አንዱ ከልቡ አይደለም።»

«መጀመሪያ ያለችው አጭሯ ትዝታ ናት። ስዊድንም ትዝታ አለ ማለት ነው?»

«ይሄ ሙዚቃ ከሆነ እኔም ሙዚቀኛ ነኝ።»

«ራሴን አሞኛል፤ ግን ሐሙስ እንደገና መስማት እፈልጋለሁ።»

የመጨረሻዋ ወረቀት ነው ሥራዬን የምታቀልልኝ። አራተኛውንም ግን አልናቅኩትም፤ ይህን የጻፈው ልጅ (ራሱን አጋልጧል) በሚቀጥለው ሐሙስ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ እንዲያሳየን ተጋበዘ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ላቡን ጠርጎ «ከባድ ነው ለካ» ብሎ ተነሳ። ኪቦርዱም አላገዘው፤ ከመሐል ያሉት ቁልፎች አንዴ ከተጫኑ አይነሱም።

ቅሬታ መጣብን። ደስ ያለው አንድ አባል ፍላሹን ወስዶ በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ላይ ከፈተው። የግቢው የጥሪ ስፒከር ይህን ዓይነት ነገር ለመሸከም አልተሠራም። ከቢሮ «ምንድነው የተበላሸው?» ተብሎ ሰው ተላከ። ከዚያ በኋላ ክበባችን የሚያሰማው ነገር ቀድሞ እንዲታይ ተወሰነ። ይሁን። ለአንድ ሳምንት ያህል ግን በዚህ ግቢ ውስጥ ከክበባችን ሙዚቃ የበለጠ የተወራበት ነገር አልነበረም።

አሁን ስለ ስፒከር ላውራ። ይህን ክፍል ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ) እንዲያነብልኝ እለምናለሁ።

የደብል ቤዝ የመጨረሻው ወፍራም ክር ሲመታ ድምፁ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ በጣም ወፍራም ድምፅ ነው። የስልክ ስፒከር ይህን ማውጣት አይችልም። የእኛ ትንሿ የብሉቱዝ ስፒከር (የግሌ ናት፣ ከንብረት መዝገብ ላይ አትፈልጓት) ትሞክራለች፣ አትችልም። ስለዚህ ልጆቹ ለሳምንታት የሰሙት ሦስት ሰው የሚጫወትበትን አልበም ሁለት ሰው እንደሚጫወትበት አድርገው ነበር። ለዚያውም የተሰረቀባቸው በርግሉንድ ነው፤ ቤዙን በቀስት እየፋቀ፣ እንደ ሮክ ጊታር በመሣሪያ እያሻከረ፣ የአልበሙን ግማሽ ጩኸት ያመጣው ሰው።

ይህን በክፍል ውስጥ በግራፍ አስረዳሁ። ማንም አልተደነቀም። ከዚያ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን፣ አሁን ሠርግ ላይ ዲጄ የሚሠራ፣ ሠርግ በሌለበት ጾም ላይ ትልልቆቹን ስፒከሮች አምጥቶ ላብራቶሪ ውስጥ ተከለልን። ያንኑ 17 ደቂቃ ደግመን ከፈትን። ቤዙ ሲገባ የመስኮቱ መስታወት መንዘር ጀመረ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ቢከሮች እርስ በርስ ተጋጩ። ጀነሬተር ብላ የጻፈችው ልጅ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ቆየችና «እንዴ! ይሄ ሰውዬ እስከዛሬ የት ነበር?» አለች። የተማሪዋ መልስ ከእኔ ግራፍ በልጧል።

በዚያ ቀን ካርቶኑ ሌላ ነገር ይዞ ወጣ። ቀድሞ የጠሉት ሁሉ ወደዱት ማለቴ አይደለም። አንዳንዶቹ ጭራሽ ባሰባቸው። ግን አሁን የሚጠሉትን ያውቁታል። «ፒያኖው ማዘን ፈልጎ ቤዙ አላስቻለውም» ብሎ የጻፈ ልጅ ካለ፣ ያ ልጅ ሰምቷል። እኔ ከዚህ ክበብ የምፈልገው ይህን ነው።

የሰውየውን አሟሟት የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው። እንደፈራሁት ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በአንድ ጊዜ አልበሙ በሙሉ ስለ ሞት ሆነ። «ርዕሱን እዩት!» ተባለ። እውነትም የረጅሙ ሙዚቃ ስም አስቀድሞ ልብ የሚያውቀው ነገር እንደማለት ነው፤ ከጸጥታው ደቂቃ ቀጥሎ ያለው ክፍል ደግሞ በላቲን ወደ ሞት የሚል ስም አለው። «ታውቆት ነበር» የሚሉና «እንዴት ይታወቀዋል» የሚሉ ሁለት ወገኖች ተፈጠሩ። ታውቆት ነበር የሚሉት በዙ። ለነገሩ ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ አልበሙ ከወጣ ጀምሮ በየአገሩ ያለ አድማጭ ከሙዚቃው ውስጥ ሞትን ሲፈልግበት ኖሯል።

ክርክሩ በላብራቶሪ አላልቅ ሲል ወደ ሐይቅ ወሰድናቸው።

ፈቃዱ፣ የወላጅ ፊርማው፣ የባጃጁ ሒሳብ ለራሱ አንድ ዘገባ ይወጣዋል፤ ልዝለለው። ቅዳሜ ጠዋት ነው የሄድነው፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ትንሿን ስፒከር ሣሩ ላይ አስቀመጥናት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደልማዳቸው የሚጣል ነገር ይኖር እንደሆነ ሊያዩ ቀረቡ፤ ሙዚቃው ሲጮህ አንዱም ንቅንቅ አላለም፤ ከእነሱ የባሰ ታጋሽ አድማጭ አላገኘሁም። ልጆቹ ድንች ቺፕስ እያካፈሉ ሰሙ።

ከአባሎቻችን መካከል አባቱ አሣ አጥማጅ የሆነ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለ። ዓመቱን ሙሉ ካርቶን ውስጥ የሚከተው ወረቀት በጽሑፉ ይታወቃል፤ ሁልጊዜ አንድ መስመር ነው። አፉን ከፍቶ ሲከራከር ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ቀን ታውቆት ነበር የሚለው ወገን እያሸነፈ ሳለ እጁን አወጣ። ሐይቅ ዳር፣ ሣር ላይ ተቀምጠን፣ እጁን አውጥቶ ፈቃድ ጠየቀ።

«ቲቸር፣ እኔ አላምንም» አለ። «ከአባቴ ጋር መረብ የሚጥል ልጅ ነበር፣ የኛ ሰፈር። ሐይቁ ወሰደው። ለቅሶው ላይ ሁሉም ሰው ‹ያን ቀን ፊቱ ልክ አልነበረም፣ ታውቆት ነበር› ይላል። እኔ ጠዋት አግኝቼዋለሁ። ፊቱ ምንም አልሆነም። ቻርጀሬን ተውሶኝ ‹ማታ እሰጥሃለሁ› ነው ያለኝ።»

ሰብሳቢያችን ቶሎ እጅ የምትሰጥ ልጅ አይደለችም። «እሺ፣ ርዕሱስ? ርዕሱን ማን አወጣው?» አለችው።

«ርዕሱን እኔ አላውቅም» አለ። «እነዚህ ሰዎች ሁለት ቀን ተጫውተዋል አይደል ያልከው ቲቸር? እየተጫወቱ ነው እኔ የሰማሁት። ሰውዬው ነገም የሚጫወት ነው የሚመስለው።»

እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ ግን ጥያቄው ሲዞርብኝ ያለኝን ማስረጃ አስቀመጥኩ። አልበሙ ተሠርቶ ያለቀው እሱ በሕይወት እያለ ነው። ርዕሶቹም በሕይወት ያለ ሰው ያወጣቸው ናቸው። ከቀረጻው እስከ አደጋው ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ በዚያ መሐል ሰውየው ኮንሰርት ሲያሳይ ነበር። ጨለማ የሆነ ሙዚቃ ጤነኛ ሰውም ይሠራል። ይህን ካልኩ በኋላ ዓይኔ ልጁ ላይ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሣር ይነቅላል። ከጎኑ ያለችው ልጅ ቺፕሱን ገፋ አደረገችለት፣ ወሰደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ካርቶኑ ውስጥ በእጅ ጽሑፉ የማውቀው ወረቀት ፊትና ጀርባው ተሞልቶ አገኘሁት። ምን እንደጻፈ አልነግራችሁም፤ ስም አይጻፍም ብለናል፣ አደባባይ ይወጣል አላልንም። የቋንቋ መምህርቱ ግን ደብተሩን ስታስተካክል ለውጡን ታየዋለች ብዬ እገምታለሁ።

የተሰናከልንባቸውም ነገሮች አሉ። በጥቅምት ከጀመሩት አባላት እስከ ሰኔ ሲሶው አቋርጧል፤ የ12ኛ ክፍሎቹ ለብሔራዊ ፈተናው ነው የሄዱት፣ ሌሎቹን ግን ሙዚቃው ራሱ ሳያባርራቸው አልቀረም። መብራት በጠፋባቸው ሐሙሶች (በእውነት በጠፋባቸው) ከወሬ የዘለለ ሥራ አልሠራንም። ለወላጆች ቀን ያሰብነው የማዳመጥ ፕሮግራም «ሰዓት አልተረፈም» ተብሎ ቀርቷል፤ ለሁለተኛው ዙር የፋሽን ትርዒት ግን ሰዓት ተርፏል። የበጀት ጥያቄያችን መልስ አላገኘም። ክበቡ ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ያገኘው ነገር የላብራቶሪው ቁልፍና የቾክ ካርቶኑ ነው። ካርቶኑን ከልብ አመሰግናለሁ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ቤዝ የሚያወጣ አንድ ጥንድ ስፒከር። አዲስ ይሁን አላልንም። ቤቱ ለልደትና ለሰርግ ብቻ የሚከፍተው ስፒከር ያለው ወላጅ በዓመት ለተወሰኑ ሐሙሶች ቢያውሰን ይበቃናል፤ ተሸክሞ የሚያመጣና የሚመልስ ልጅ ከእኛ ነው። ሁለተኛ፣ ኪቦርዱን የሚጠግን ሰው። ሐዋሳ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው የሚያውቅ ቢኖር ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይንገርልኝ።

ለ2018 የተያዘ ክርክር አለን። ከሲድኒዎቹ ሁለት ቀናት የተረፈውን ቅጂ ሁለቱ በሕይወት ያሉት ጓደኞቹ መርጠው በፈረንጆቹ 2012 «301» ብለው በስቱዲዮው ስም አውጥተውታል። ታዲያ የቡድኑ የመጨረሻ አልበም የቱ ነው? እሱ እያለ ያለቀው ወይስ እሱ በሌለበት የተመረጠው? ሰብሳቢያችን የመጀመሪያው ነው ትላለች። የአሣ አጥማጁ ልጅ ደግሞ፣ አሁን እጁን ሳያወጣ ነው የሚናገረው፣ ሁለቱም አንድ አልበም ናቸው ባይ ነው። ጥቅምት የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ፊዚክስ ላብራቶሪ፣ 10 ሰዓት። ወላጆችም መምህራንም መምጣት ይችላሉ። በርጩማ ስለሚያንስ ወንበር ይዛችሁ ኑ፤ ግማሽ ወረቀትም አትርሱ፣ የመጣ ሁሉ ይጽፋል።